ብዙ የሮጠ ሞተር ሲመረመር

የዛሬው ዝግጅት ስለ አሮጌ መኪና ሞተር ነው፤ ሁለት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ተሻግሮም በየማለዳው ስለሚነሳው።

በጥር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ፣ በአዳማና በባሕር ዳር መንገዶች ላይ የሚታዩት ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች ቀድሞ ከታሰበላቸው በላይ ማገልገል ግድ ሆኖባቸዋል። ኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አቅሙ ያልፈቀደለት ሰው ያለውን ይዞ ይቆያል፣ አለዚያም ሌላው ሲነዳው የኖረውን ይገዛል። በሁለቱም በኩል ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ሞተር ገና ነው ወይስ ደክሟል? መልሱን ለማግኘት ሞተር ማውረድ አያስፈልግም። ብዙው ነገር ኮፋኖው ተከፍቶ አንድ ብሎን እንኳ ሳይፈታ ይታወቃል። የቀረውን ደግሞ ማንኛውም ደህና ጋራዥ ያለው መለኪያ ይናገራል፤ የሚለካው ሰው ቁጥሩን ማንበብ ከቻለ።

ገዢ ቀድሞ የሚያየው ቆጣሪውን ነው። ሻጩም ደላላውም ይህን ስለሚያውቁ ቆጣሪ ይመለሳል፤ ዲጂታል መሆኑም አያድነውም። ስለዚህ ቆጣሪው 80,000 እያለ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ከተላጠ፣ መሪው በእጅ ብዛት ከለሰለሰና የሾፌሩ ወንበር ጎኑ ከተበላ ቁጥሩን መጠርጠር ተገቢ ነው። ግን ቆጣሪው እውነተኛ በሆነበት ጊዜም የሚናገረው ትንሽ ነው። ሁለት መኪኖች እኩል 200,000 ኪሎ ሜትር ሮጠዋል እንበል። አንዱ ከተማ ውስጥ በመጨናነቅ መካከል በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ የሞላው ከሆነ ሞተሩ ከ13,000 ሰዓት በላይ ሠርቷል። ሌላው በአገር አቋራጭ መንገድ በአማካይ 60 እየሄደ ከሆነ የሠራው 3,300 ሰዓት ገደማ ነው። ፒስተንና ሲሊንደር የሚፋተጉት ሞተሩ ተነስቶ እስካለ ድረስ ነው፤ መኪናው ቆሞ መብራት ሲጠብቅም ፍትጊያው አይቆምም። ቆጣሪው ግን ያን ሰዓት አይመዘግብም።

የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘው መኪናም ይህንኑ ያሳያል። ኧርቭ ጎርደን የተባለ አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1966 የገዛት ቀይ ቮልቮ ፒ 1800 ኤስ በ2013 አላስካ ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ማይል ሞላች፤ ወደ 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሞተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፍቶ የታደሰው 680,000 ማይል ከሄደ በኋላ ነበር፤ ይህም ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሰውየው ወደ ሥራው የሚሄደው በረጅም መንገድ ነበር፤ ዘይትም ቀኑን ጠብቆ ይቀይር ነበር። በሌላ በኩል ግሪካዊው የታክሲ ሹፌር ግሪጎሪዮስ ሳቺኒዲስ በ1976 ሥሪት መርሴዲስ 240 ዲ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ መኪናውን በ2004 ለፋብሪካው ሙዚየም ሲያስረክብ ሞተሩ በየጊዜው ሲለዋወጥ የኖረ ነበር። የሁለቱ ቆጣሪ ይቀራረባል፤ የሁለቱ ሞተር ታሪክ ግን በጣም የተለያየ ነው። «ስንት ሮጧል?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ገዢ ይህን ልዩነት ሊያየው አይችልም።

ምርመራው የሚጀመረው ሞተሩ ሳይነሳ ነው። ይህ ሕግ ከሁሉም ይቀድማል፤ ከሁሉም በላይ የሚጣሰውም እሱ ነው። ሻጭ ገዢው ከመድረሱ በፊት መኪናውን አሙቆ ሊጠብቅ ይችላል፤ ምክንያቱም የደከመ ሞተር ሕመሙን አጉልቶ የሚያሳየው በብርድ ሲነሳ ነው። አስተዋይ ገዢ ቀጠሮውን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አድርጎ፣ ሰላምታ ተለዋውጦ ሳይጨርስ እጁን ኮፋኖው ላይ ያሳርፋል። ብረቱ ለብ ካለ ሻጩ «አሁን ከዳቦ ቤት መጣሁባት» ቢልም ባይልም ምርመራው ለነገ ይተላለፋል። መኪናዋ ጥሩ ከሆነች ነገም ጥሩ ናት።

ብርዱ ከተረጋገጠ የዘይት መለኪያው ዘንግ ይሳባል። ዘይቱ መጥቆሩ በራሱ ክፉ ምልክት አይደለም፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቁራል። የሚያሳስበው ልኩ ከታችኛው ምልክት በታች መሆኑ፣ የቤንዚን ሽታ መስጠቱ፣ ወይም በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ እንደ አሸዋ መቆርቆሩ ነው። ቀጥሎ ዘይት የሚሞላበት ክዳን ይከፈትና ውስጡ ይታያል። በዘይት ዘወትር የተንከባከቡት ሞተር በክዳኑ ሥር ያለው ብረት ወርቅማ ቡናማ ነው። ጥቁር ቅርፊት የጋገረ ከሆነ ዘይት ሳይቀየር ብዙ ጊዜ ተሠርቶበታል፤ ይህም ገዢው ስለ ባለቤቱ የሚያገኘው ምርጥ ምስክርነት ነው፣ ከሊብሬውም ይበልጣል። ክዳኑ ላይ ማኪያቶ የመሰለ ቅባት ካለ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፤ መኪናው በየቀኑ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ትንሽ ጤዛ ክዳኑ ሥር ሊጠራቀም ይችላል። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ማኪያቶ ከመሰለ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ለቋል ወይም አንድ ቦታ ተሰንጥቋል፣ ገዢውም ብዙ ሳይጠይቅ ቢሰናበት ይሻለዋል።

ራዲያተሩም የሚከፈተው በዚሁ ሰዓት ነው፤ ሞተሩ ከጋለ በኋላ የራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል። ውስጡ ያለው ባለ ቀለም ማቀዝቀዣ ነው ወይስ ንጹሕ የቧንቧ ውኃ? ዝገት የቀላቀለ ቀይ ውኃ ከታየ የውስጥ መተላለፊያዎቹ እየተበሉ ነው። በላዩ ላይ የዘይት ዓይን ከተንሳፈፈ ደግሞ ነገሩ ከዝገት የከፋ ነው።

ስለ ክዳኑ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ትንሽ ዕቃ አድርጎ ስለሚያየው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በደጋ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ አካባቢ ይከፈታል፣ የኤሌክትሪክ ፋኑ ደግሞ የሚነሳው ከ90 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ውኃ የተሞላና ክዳኑ ግፊት የማይዝ ራዲያተር ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ሊፈላ ይችላል። ደህና ክዳን በውስጡ አንድ ከባቢ አየር ገደማ ግፊት አምቆ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን በጊዜው ባለመቀየሩ ቴስታታው የተጣመመ ሞተር ብዙ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ከክዳኑ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

አሁን ቁልፉ ይዞራል፤ ግን እስከ መጀመሪያው ደረጃ ብቻ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ። ዳሽቦርዱ ላይ የዘይት ግፊት መብራቱና የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱ መብራት አለባቸው። ካልበሩ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም አንድ ሰው ሆን ብሎ ነቅሎታል፤ የማይበራ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከበራው በላይ ያስፈራል። ከዚያ ሞተሩ ይነሳል፣ አንድ ሰው መሪው ላይ ሌላው ከኋላ ማርሚታው ዘንድ ቆሞ። የዘይት መብራቱ በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል። ካልጠፋ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት።

የጭሱ ቀለም ሁሉ የየራሱ ትርጉም አለው። በማለዳ የሚታየው ቀጭን ነጭ እንፋሎት፣ በተለይ በክረምትና በኅዳር ብርድ፣ ከማርሚታው የሚወጣ ውኃ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ወፍራም ነጭ ጭስ እየወጣ የራዲያተሩ ውኃ ከቀነሰ ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን ይናገራል፤ መንስኤው የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ወይም የተበላሸ ሴንሰር ሊሆን ይችላል፣ ሞተሩን የሚያስወርድ ጉዳይ ላይሆን ይችላል።

ሰማያዊው ጭስ ዘይት ነው። ዘይት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው በሁለት በር ነው፤ ከላይ በቫልቭ ጎማ፣ ከታች ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ፋሻ በሚሉት የፒስተን ቀለበት በኩል። የቫልቭ ጎማ መቀየር ቴስታታውን ሳያወርዱም በብዙ ሞተሮች ላይ የሚቻል ሥራ ነው፤ ፋሻ መቀየር ግን ሞተሩን መክፈት ነው። ልዩነቱ የሚታየው ጭሱ በሚወጣበት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ሲነሳ አንድ ጊዜ ቡፍ ብሎ ከጠፋ ሌሊት ከቫልቭ ጎማው የተንጠባጠበ ዘይት ነው። ዳገት ሲወጣ፣ ጭነት ሲበዛበት፣ ሁልጊዜ የሚያጨስ ከሆነ ፋሻው ተበልቷል።

ይህን ለመለየት እንደ ዓባይ በረሃ ያለ መፈተኛ የለም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላል። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ አንስቶ በሁለተኛ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ በውስጡ ኃይለኛ ስበት ይፈጥራል፤ ስበቱም የላላ የቫልቭ ጎማ ካለ ዘይቱን ወደ ሲሊንደሩ ይስበዋል። ድልድዩን አልፎ ወደ ደጀን ሲወጣ ነዳጅ እንደተረገጠ ከኋላ የሚከተለው መኪና ሰማያዊ ደመና ያያል። ደመናው ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ብቻ ታይቶ ከጠፋ ጎማው ነው። እስከ ደጀን ድረስ ካጀበ ፋሻው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ሰው በእንጦጦ ቁልቁለት በአነስተኛ መጠን ይህንኑ ማየት ይችላል።

ጆሮም ሥራ አለው። ቪትዝና የቅርብ ጊዜ ያሪስ የታይሚንግ ሰንሰለት አላቸው። ሲነሱ ለሁለት ሰከንድ የሚሰማ የብረት መንቀጫቀጭ ሰንሰለቱ እንደረዘመ ወይም ወጣሪው ግፊት ቶሎ እንደማያገኝ ያሳያል። የቆዩት ኮሮላዎች ግን የሚሠሩት በጎማ ቺንጊያ ነው፤ እሱ ሳይጮህ ይበጠሳል። በየ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየሩን ባለቤቱ ማስረጃ ካላሳየ ገዢው እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ዋጋውን ይተምናል። ከታች፣ ከሞተሩ ሆድ፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚሰማ ጥልቅ «ዱክ ዱክ» የሚል ድምፅ ደግሞ ክራንኩን የሚሸከመው ብሮንዚን መበላቱ ነው። እሱን በወፍራም ዘይት ለጥቂት ቀን ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ ገበያ ላይ እንዲህ ተደርጎ የሚመጣ መኪና አለ። በብርድ ሲነሳ ዘይቱ ከመጠን በላይ ወፍሮ የሚታይ ከሆነ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል።

ሞተሩ ሞቆ ሲረጋ የዘይት መሙያው ክዳን ይፈታና እዚያው አፉ ላይ ሳይጠበቅ ይቀመጣል። ጤነኛ ሞተር ክዳኑን ትንሽ ያንቀጠቅጠዋል። ክዳኑ ተወርውሮ ከወደቀ፣ ከአፉም እንደ ባቡር ጢስ እየተመታ ከወጣ ሞተሩ በፋሻው በኩል ወደ ታች ይነፍሳል። ይህ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ሙከራ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል፤ የትንፋሽ ቱቦው ከተደፈነ ጤነኛ ሞተርም እንዲሁ ስለሚያደርግ ቀድሞ ቱቦው ይታያል።

እስከዚህ በዓይን፣ በአፍንጫና በጆሮ ነበር። ቀጣዩ የኮምፕሬሽን መለኪያ ነው፤ የዛሬው ዝግጅት የተነሳበት ዋናው ጉዳይም እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ሞተሩ ይሞቃል፣ ካንዴላዎቹ አራቱም ይወልቃሉ፣ ነዳጅና ብልጭታ ይቋረጣል። ባትሪው ሙሉ መሆን አለበት፤ የደከመ ባትሪ ሞተሪኖውን በዝግታ ስለሚያዞረው ቁጥሩን ያሳንሳል። አንዱ ነዳጁን እስከ ታች ረግጦ ሲያስነሳ ሌላው መለኪያውን በካንዴላው ቀዳዳ አስሮ አምስት ስድስት ዙር ይቆጥራል፣ ቁጥሩንም ይጽፋል። ነዳጁን ሳይረግጡ መለካት የተለመደ ስሕተት ነው፤ አየር ካልገባ የሚጨመቅ ነገር የለም።

ከዚያ መካኒኩ የፋብሪካውን መጽሐፍ ወይም በቃሉ የያዘውን ቁጥር ያስታውሳል። መጽሐፉ 180 ፒኤስአይ ይላል፣ መለኪያው 138 ያሳያል። «ሞተሩ አልቋል፣ መውረድ አለበት» ይባላል። ባለመኪናው ገንዘብ ይበደራል። ሞተሩ ግን ምንም አልሆነም።

የፋብሪካው ቁጥር የሚለካው በባሕር ጠለል አካባቢ ባለ አየር ነው፤ እዚያ የአየሩ ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሯ ግፊት ወደ 11 ፒኤስአይ ይወርዳል፣ አንድ አራተኛው የለም ማለት ነው። ፒስተን የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። ስለዚህ በባሕር ጠለል 180 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከ135 እስከ 145 ባለው ውስጥ ቢያሳይ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ያው መኪና ድሬዳዋ ወርዶ ቢለካ፣ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች፣ ወደ 160 ይጠጋል። ደብረ ብርሃን ወጥቶ ቢለካ ከ130 ብዙም ላይበልጥ ይችላል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቁጥር፣ ሞተሩ ግን ያው ነው። ይህን የማያውቅ መካኒክ ደጋ ላይ ጤነኛውን ያስወርዳል፤ ቆላ ላይ ደግሞ በደጋ የለመደውን ቁጥር ይዞ የደከመውን ጤነኛ ብሎ ያሳልፋል። ለዚህ ነው አንድ ቁጥር ብቻውን ፍርድ መስጠት የሌለበት።

ፍርድ የሚሰጠው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከፍታው አራቱንም እኩል ስለሚነካ። ቶዮታ ለብዙ የቤንዚን ሞተሮቹ የሚፈቅደው ልዩነት አንድ ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 14 ፒኤስአይ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ 140፣ 138፣ 141፣ 137 ያሳየ ሞተር ቆጣሪው 300,000 ቢልም ደህና ነው። 140፣ 139፣ 95፣ 141 ካሳየ ሦስተኛው ሲሊንደር ታሟል። የት እንደታመመ ለማወቅ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት፣ አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ይጨመርና እንደገና ይለካል። 95 የነበረው 125 ከደረሰ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ለጊዜው ስለደፈነው ነው፤ ችግሩ ፋሻ ነው። 97 ላይ ከቀረ ችግሩ ከላይ፣ ቫልቭ ላይ ነው። ቁጥሮቹ 140፣ 138፣ 92፣ 90 ከሆኑ፣ ማለትም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ፣ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን መቃጠሉ ያመዝናል። ሦስቱ ሕመሞች በዋጋ እጅግ ይለያያሉ፣ የሚለያቸው ደግሞ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የናፍጣ ሞተር ላይ፣ ሃይሉክስም ይሁን ዶልፊን ወይም አይሱዙ፣ ዘይት መጨመር ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የናፍጣ ሞተር በግፊት ብቻ ስለሚያቀጣጥል የተጨመረው ዘይት ሊነድና ሰውን ሊጎዳ ይችላል። መለኪያውም ሌላ ነው፤ ቁጥሩ በብዙ መቶ ፒኤስአይ ስለሚቆጠር የቤንዚኑን መለኪያ ይሰብረዋል። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ደጋ ላይ አየር ስለሚያጥረው ዳገት ሲወጣ መጠነኛ ጥቁር ጭስ ማውጣቱም ከበሽታ አይቆጠርም፤ ያው መኪና አዋሽ ሲወርድ ጭሱ ይቀንሳል።

ከኮምፕሬሽን የበለጠ ትክክለኛ ሙከራ አለ፤ ኮምፕረሰር ያለው ጋራዥ ሁሉ ሊያደርገው ይችላል። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ደርሶ ሁለቱም ቫልቮች ሲዘጉ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ይለቀቅና ከገባው ምን ያህሉ እንዳመለጠ በመቶኛ ይነበባል። እስከ 10 በመቶ ማምለጥ ጥሩ ነው። 20 ለሠራ ሞተር የሚያስከፋ አይደለም። ከ30 ካለፈ ሞተሩ ሥራ ይፈልጋል። የዚህ ሙከራ ትልቁ ጥቅሙ አየሩ ከኮምፕረሰር ስለሚመጣ ከፍታው ቁጥሩን እምብዛም አለማዛባቱ ነው። ሁለተኛው ጥቅሙ ደግሞ አየሩ የሚያመልጥበት ቦታ መሰማቱ ነው። በማርሚታው ከነፈሰ የጭስ ማውጫ ቫልቭ፣ በአየር ፊልትሮው በኩል ከነፈሰ የማስገቢያ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከነፈሰ ፋሻ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተነሳ ጓርኒሲዮን ነው። መካኒኩ ጆሮውን እያስጠጋ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ባለመኪናውም አብሮ መስማት ይችላል፤ ማንም ማንንም ማመን አያስፈልገውም።

ስካነርም ይጠቅማል፣ ግን ከሚታሰበው ያነሰ። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በቤት መኪኖች ላይ አንድ ዓይነት መሰኪያ እንዲኖር አስገድዳለች፤ ዛሬ በርካሽ የሚገዛ መሣሪያ ከስልክ ጋር ተገናኝቶ የስሕተት ኮዱን ያነባል። ፋሻ ሲበላ ግን የሚጽፈው ኮድ የለም። ስካነሩ በግዢ ቀን የሚሰጠው ትልቁ መረጃ ሌላ ነው። ኮዶቹ በቅርቡ ተሰርዘው ከሆነ የመኪናው ኮምፒውተር የራሱን ምርመራ ገና እንዳልጨረሰ ያሳያል። «ምንም ኮድ የለውም» የተባለ መኪና ምርመራዎቹ ሁሉ «ያልተጠናቀቀ» ካሉ አንድ ሰው ጠዋት ላይ ኮዱን አጥፍቶታል ብሎ መጠርጠር ይቻላል፤ ባትሪ ተነቅሎ ከነበረም እንዲሁ ስለሚያሳይ ይህም ይጠየቃል።

ዘይት መጠጣትን በተመለከተ የቆየ ፍርሃት አለ፤ ጥቂት ዘይት የቀነሰበት ሰው ሁሉ ሞተሩ ያለቀ ይመስለዋል። ቶዮታ ራሱ ቱ ኤዜድ ኤፍ ኢ በተባለው፣ በካምሪና በራቭ ፎር ላይ በነበረው 2.4 ሊትር ሞተር ላይ የዘይት ፍጆታ ቅሬታ ሲበዛበት አሜሪካ ውስጥ የወሰነው መስመር በ1,200 ማይል አንድ ኳርት ነበር፤ በእኛ ልኬት በ1,900 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ከዚያ በላይ የጠጣውን ፒስተንና ፋሻ ቀየረለት። እነዚያ ሞተሮች ብዙ ሳይሮጡም ዘይት ይጠጡ ነበር፤ የፋሻው አሠራር ነበር ችግሩ እንጂ ዕድሜው አልነበረም። ባለመኪና ፍጆታውን ማወቅ ከፈለገ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞልቶ፣ ቆጣሪውን ጽፎ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ሜዳ ቦታ ላይ ሞተሩ ቀዝቅዞ ያያል። ግምት አያስፈልግም።

ከሁሉ የጠለቀው ምርመራ ዘይቱን ላቦራቶሪ መላክ ነው። የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች በ1940ዎቹ የጀመሩት ይህ ዘዴ በዘይቱ ውስጥ የተቀላቀሉትን ጥቃቅን ቅንጣቶች በየዓይነታቸው ይለካል። ብረት ከበዛ ሲሊንደርና ፋሻ፣ መዳብና እርሳስ ከበዛ ብሮንዚን፣ ሲሊከን ከበዛ አቧራ ነው። አቧራው ለኢትዮጵያ መንገድ ትልቅ ነገር ነው። በኮረኮንች የሚሠራ መኪና የአየር ፊልትሮው ቢቀየርም ከፊልትሮው በኋላ ያለው የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ሞተሩ አቧራ የቀላቀለ አየር እየሳበ ፋሻውን በጥቂት ወር ይፈጫል። ላቦራቶሪ በቀላሉ ለማያገኝ ሰው የሚቀረው ነጭ ጨርቅ ነው። ቱቦው ወልቆ ውስጡ በጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁ ላይ አቧራ ከተገኘ ሞተሩ በቀላሉ የሚድንበት ጊዜ ሳያልፍ ዛሬውኑ ቱቦው ይቀየራል።

ሞተሩ ደህና ሆኖ ከተገኘ ባለቤቱ አራቱን የኮምፕሬሽን ቁጥሮች ከቀኑ፣ ከቆጣሪው ንባብና ከተለካበት ከተማ ስም ጋር ሊብሬው ውስጥ በሚቀመጥ ወረቀት ላይ ይጽፋል። በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ በዚያው ጋራዥ በዚያው መለኪያ ይደገማል። የመጀመሪያው ልኬት አዳማ ተደርጎ ሁለተኛው አዲስ አበባ ከሆነ ጥቂት መቀነሱ ከከፍታው ነው፤ አራቱ እኩል ከቀነሱ። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከወረደ ግን ጉዳዩ የዚያ ሲሊንደር ነው፤ ቦሎ የሚታደስበትን ቀን ሳይጠብቅ በታመቀ አየር ይመረመራል።